የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ

«የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ፣ በሴቶች ጥናት ዘርፍ ላበረከቱት ዓለም አቀፍ አስተዋጽኦ ያለንን ታላቅ አድናቆት እየገለጽን...» ይላል ኢሜይሉ። ዞር ዞር ብለን አየን። ማራኪ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ የተጣደ ሽሮ አለ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ አለ፣ ፕሮፌሰር ግን የለም። እንግዲህ የተከበሩት ፕሮፌሰር እኛው መሆናችን ነው!

እኛ ስንል ሁለት ነን። አንዳችን የመካነ ብርሃን ልጅ፣ አንዳችን የአዘዞ። በጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ ሥራ ፈልገን፣ ሥራ አጥተን፣ ኋላም ሥራ አግኝተን ደመወዙን ስናይ የሳቅን ሁለት ሴቶች። ይህን የምትጽፈው የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም። የተጻፈው በሁለታችን ስምምነት ስለሆነ ጥፋትም ካለበት እኩል እንካፈለዋለን።

ነገሩ የመጣው ከመመረቂያ ጽሑፋችን ነው። ጥያቄያችን አጭር ነበረች፤ ሬዲዮው ስለ ገጠር ሴት ሲያወራ እሷን ምን ያህል ያናግራታል? አንድ ወር ሙሉ የሴቶች ፕሮግራም እየቀዳን፣ እያቆምን፣ እየጻፍን ከረምን። ከዚያ ወደ መካነ ብርሃን ወጥተን ሬዲዮውን የሚሰሙትን ሴቶች ጠየቅን። ያገኘነው ይኸው ነው፤ ኃላፊው ይናገራል፣ ባለሙያው ይናገራል፣ ጋዜጠኛው ሙዚቃ ያስገባል፣ በመጨረሻ ሴትዮዋ ትመጣና «ተጠቃሚ ሆኛለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ትሄዳለች። አማካሪያችን አንብበው «ይኼ እኮ መታተም አለበት» አሉን። እንዲህ ብሎ መናገር በነፃ ነው። ዋጋ ያለው መታተሙ ነው።

የት ይታተማል? ፍለጋ ጀመርን። ፍለጋው መጀመሪያ የወሰደን ወደ ኋላ ነው፤ እኛ ወዳልተወለድንበት ዘመን። ታኅሣሥ 15 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ሳለና ሰሜኑ በጦርነት ሲነድ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኢትዮጵያ የሥርዓተ ጾታ ጉዳዮች ላይ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ሴሚናር ተከፈተ። ሦስት ቀን ቆየ። የቀረቡትን ጽሑፎች ምሁሯ ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አሰናድተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አወጣቸው። በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው በሴቶችና ልማት ላይ የሚያጠና፣ የሚያሠለጥንና መረጃ የሚሰበስብ ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ የሥርዓተ ጾታ ጥናት በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ወቅት፣ በዚያ ጦርነት መሀል፣ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው ስለ ሴት ተነጋገሩ። እኛ መብራት ሲጠፋ ሥራ እናቆማለን።

ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መጣ። በ1987 ዓ.ም. ተመሥርቶ «በርቺ» የሚል መጽሔት ያሳትም ነበር። ስሙ ራሱ ደስ ይላል። የጥናት መጽሔት ሁሉ ስሙ አንድ መስመር ተኩል በሆነበት ዓለም «በርቺ»! ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ሕግ፣ በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ሕጉ በ2011 እስኪተካ ድረስ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ተሽመደመዱ። ማኅበር ሲደክም መጀመሪያ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ ጥናትና ኅትመት ነው፤ ማንም አያለቅስለትምና።

ከአገር ወጣ ስንል ደግሞ ሌላ ዓለም አገኘን። የአፍሪካ ሴት ተመራማሪዎች ማኅበራቸውን ዳካር ላይ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እዚያው ዳካር ያለው የማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት ኮዴስሪያ ከ1994 ጀምሮ ለወጣት ተመራማሪዎች የሥርዓተ ጾታ ኢንስቲትዩት ያዘጋጅ ነበር። «ፌሚኒስት አፍሪካ» የተባለው መጽሔት በ2002 ኬፕታውን ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ጋና ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በነፃ ይነበባል። በዚያው በ2002 «የሴቶች ዓለም» የተባለው ትልቅ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥቶ ካምፓላ ላይ ተደረገ። እኛ አራት ዓመት ተምረን ከእነዚህ የአንዱንም ስም አልሰማንም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለፈው፤ ለጥያቄ ያልተነሳ እጅ የእኛም ነበር።

የሚያስቆጨን ግን ሌላ ነገር አለ። ስለ እኛ ደጋ ሴት የተጻፈ ነገር ስንፈልግ የምናገኘው ሩቅ ነው። ሄለን ፓንክረስት መንዝ ውስጥ ኖረው ያጠኑት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ለንደን ነው። እኛ ያየነው ፎቶ ኮፒውን ነው፤ እሱም ገጾቹ የጎደሉትን። የወለተ ጴጥሮስን ገድል ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 በግእዝ ጻፈው። ጣና ዳር ቆራጣ ላይ፣ ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ፕሪንስተን ሲያሳትመው ስለ አተረጓጎሙ ትልቅ ክርክር ተነሳ፤ ኢትዮጵያዊ ምሁርም በጽሑፍ ሞገተ። ክርክሩን ለማንበብ ተንቀሳቀስን። አንዱ ድረ ገጽ ለአንዲት ጽሑፍ አርባ ዶላር ገደማ ክፈሉ አለን። ስለ ቆራጣዋ እናት ለማንበብ አርባ ዶላር! ቆራጣ ሄዶ መሳለሙ ይረክሳል።

እናላችሁ፣ እኛም በሩን አንኳኳን። በ2015 ክረምት አንድ የውጭ ጉባኤ የጽሑፋችንን አጭር መግለጫ ተቀበለ። በኢንተርኔት ነው የሚካሄደው፣ ቪዛ አያስፈልግም፣ ክፍያ የለውም። ዘለልን! ሙሉውን ጽሑፍ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ላኩ አሉ። ነሐሴ ሲገባ በክልሉ ውጊያው በረታ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጽሑፉ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጧል፣ እኛም ላፕቶፑ አጠገብ ተቀምጠናል። ዋይፋይ ያለበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ፈለግን፤ ያገኘነውም ሰው ከቤት መውጣት ፈርቶ ነበር፤ አልፈረድንበትም። ጎረቤት በተኩስ ሲደነግጥ እኛ በቀነ ገደብ ስንደነግጥ ራሳችንን አፈርንበት። ቆይተን ኢሜይሉን ስንከፍት ሦስት ማስታወሻ ጠበቀን፤ የመጨረሻው «ፍላጎት እንደሌላችሁ ተረድተናል» ይላል።

«የተከበሩ ፕሮፌሰር ሆይ» የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተጎዳ ሰው ደግሞ ማሞካሸት ይወዳል። ጽሑፋችንን ላክን። በአራተኛው ቀን «ያለ ምንም እርማት ተቀብለነዋል» የሚል መልስ ደረሰን። አራት ቀን! አማካሪያችን እንኳ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለማንበብ ሁለት ወር ፈጅተዋል። ከሥር ደግሞ ዋጋው አለ፤ ሦስት መቶ ዶላር፣ ለአፍሪካ ምሁራን በቅናሽ ሁለት መቶ፣ በአሥር ቀን ውስጥ።

አሁን «ይህማ ማጭበርበር ነው» ትሉን ይሆናል። አውቀናል እኮ፣ ዘግይተን ነው እንጂ። ጄፍሪ ቢል የተባለ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ያሉ ገንዘብ ለቃሚ መጽሔቶችን ለዓመታት ሲዘረዝር ኖሮ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አነሳ። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፤ ሁለት አሜሪካውያን የኮምፒዩተር ሳይንስ ሰዎች «ከኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር (ስድቧን ትተን ነው) ደጋግመው አሥር ገጽ ጻፉ። በ2014 አንድ የአውስትራሊያ መምህር በኢሜይል ላሰለቸው መጽሔት ይህንኑ ላከለት። መጽሔቱ «እጅግ በጣም ጥሩ ጽሑፍ» ብሎ ተቀብሎ 150 ዶላር ጠየቀ። እኛም እንግዲህ ከዚያ ጽሑፍ ጋር በአንድ ማዕረግ ተቀባይነት አግኝተናል ማለት ነው።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላወቅንም፤ ወይም ማወቅ አልፈለግንም። ለማስተርስ ስናመለክት «የታተመ ጥናት» የሚል ባዶ ሳጥን ነበር፤ ዓይናችን ያረፈው እሱ ላይ ነው። ሁለት መቶ ዶላር ከየት ይምጣ? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ዶላርን በብር ማሰብ ራስ ያዞራል። ቢገኝስ በምን ይላካል? የመካነ ብርሃኗ ልጅ የአክስት ልጅ አለቻት፤ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፣ የባንክ ካርድ አላት። ደወልንላት። «እከፍልላችኋለሁ፣ ኋላ ለእናቴ ትሰጧታላችሁ» አለች። ቀጥላም «ስለ ምንድን ነው ጽሑፉ?» አለች። ስለ ሴቶች ነው አልናት። «የቤት ሠራተኛም አለበት?» ስትል የለበትም አልናት። «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ ትጽፉታላችሁ» ብላ ሳቀች፤ እመቤቷ ጠራቻትና ስልኩን ዘጋች። እኛ ግን አልሳቅንም።

ለአክስትየዋ የሚከፈለውን ገንዘብ እምዬ ሊሰጡን ተስማሙ። እምዬ የአንዳችን እናት ናቸው፤ ለሌላዋም ከእናት አያንሱም። ባላቸው ከሞቱ ሰባተኛ ዓመታቸው ነው። «ሦስቱን በግ እሸጣለሁ፣ መጥታችሁ ውሰዱ» አሉ። መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን ወጣን። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በፓርኩ መሀል ሳንቃበርን፣ ጭንቅን (አገሩ ስሙ ነው፣ የእኛ ስሜት አይደለም) አልፎ ቧሂት ላይ ወጥቶ ወደ መካነ ብርሃን መውረድ ነው። ቧሂት ላይ የሚነፍሰው ብርድ ጥርስ ያፋጫል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቱሪስቶች እነሱን ሊያዩ ከሩቅ የሚመጡበትን መንገድ የጃናሞራ ሴት ወላድ ሆና በቃሬዛ የምታልፍበት ጊዜም ነበር።

ማታ ቡና ተፈላ። እምዬ «እስቲ በጎቼ የሚሄዱበትን ነገር አንብቡልኝ» አሉ። ሐቅ ነው፤ ገዢ ዕቃውን ያያል። ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። እየተረጎምን ጀመርን፤ ገና ከርዕሱ ተያዝን።

«ሥርዓተ ጾታ ምንድን ነው?»

የወንድና የሴት ነገር ነው፣ ማኅበረሰቡ የሚሰጣቸው ድርሻ... እያልን ተንተባተብን።

«ሥርዓት ያለው ነው በሉኛ። ቀጥሉ።»

«ድምፅ አልባ የሆነችው የገጠር ሴት» የምትል ሐረግ ነበረችን፤ በጣም እንወዳታለን፤ ሦስት ቦታ አስገብተናታል። እምዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ማናት ድምፅ አልባ? እኔ በገበያ ቀን ስናገር ማዶ ይሰማል። የማይሰማ ሰው አለ በሉ እንጂ ድምፅ የላትም አትበሉ።» አዘዞዋ በስልኳ መጻፍ ጀመረች።

ቀጥለን የመግቢያውን ክፍል አነበብን፤ «የገጠር ሴት በመሬት ላይ ስሟ የለም» የሚል። እምዬ ምንም ሳይናገሩ ተነሡ። ሣጥናቸውን ከፍተው፣ ሻሹን ፈትተው የይዞታ ደብተራቸውን አመጡ። ክልሉ በ1990ዎቹ አጋማሽ መሬት መመዝገብ ሲጀምር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር አድርጎ ነበር። ያው፣ የሟች አባትና የእምዬ ፎቶ ጎን ለጎን አለ። እምዬ በፎቶው ላይ ከእኛ ብዙም አይበልጡም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣናት? ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ከተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ገልብጠን፣ ምንጭ ጠቅሰን፣ በኩራት። ደብተሩ ከእኛ ራስጌ ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር።

«እና ችግር የለም ማለት ነው?» አልን፤ እንደ ጋዜጠኛ።

«ችግር የለም ያለሽ ማን ነው? ደብተሩ በስሜ ነው፣ ሞፈሩ በሰው እጅ ነው። ሴት አታርስም ይባላል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለእኩል አራሽ ነው የምሰጠው፤ ገብሱ ሲወቃ ግማሹ ይሄዳል። ቀድሞ የሚታረሰው የእሱ ነው፣ የእኔ ዝናቡ ካለፈ ኋላ ነው። ይኼን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም፤ ሬዲዮ ትሰሚያለሽ ወይ ነው ያላችሁኝ።»

ምን ይባላል? በሬዲዮው ላይ ያገኘነውን ጥፋት በሃያ አምስት ገጽ ደግመን ጽፈነዋል። የእምዬን ቃል ቆጠርነው፤ ሁለት መስመር ተኩል ነው። «ተሳታፊ 7» በሚል።

«ተሳታፊ 7 ማናት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ስም አለኝ እኮ!»

የምርምር ሥነ ምግባር እንደሆነ፣ ማንም እንዳይጎዳቸው ስማቸው እንደሚደበቅ፣ ቅጽ እንደፈረሙ አስረዳን። አዎ፣ ፈርመዋል፤ በአውራ ጣት። እምዬ ሰምተው ሲያበቁ ሌላ ነገር ጠየቁ። «በጌን ገበያ ሳወጣ የሚከፍለኝ ገዢው ነው። እናንተ ጽፋችሁ፣ ደክማችሁ፣ እናንተው ትከፍላላችሁ?» በዓለም ላይ ስለ ጥናት ኅትመት ገበያ ብዙ ተጽፏል፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎች አንድም ከአንባቢ፣ አንድም ከጸሐፊ፣ አንዳንዴ ከሁለቱም እንደሚቀበሉ። ይህን ለእምዬ ልናብራራ ብለን ተውነው። በግ ሻጭ ናቸው፣ ገብቷቸዋል።

በጎቹ አልተሸጡም። ዱባይ ደወልንና ተዪው አልናት። አሥሩ ቀን ሲያልፍ ቅናሹ ወደ መቶ ሃምሳ ወረደ፣ ከዚያ ወደ መቶ፣ ከዚያ የተከበሩት ፕሮፌሰር «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ደረሳቸው። ጽሑፉን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። ድምፅ አልባዋን ከሦስቱም ቦታ አወጣናት። ደብተሩን፣ ሞፈሩን፣ እኩል አራሹን አስገባን። ሌሎቹን ሴቶችም ተመልሰን ጠየቅናቸው፤ እንደ እምዬ የሆኑት ብዙ ናቸው። ተሳታፊ 7 አሁን አራት ገጽ ትናገራለች። ከጸሐፊ ገንዘብ ለማይቀበል አንድ መጽሔት ላክነው፤ የቱ እንደሆነ አንናገርም፣ እንዳይረግፍብን።

መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ። ሁለት ገምጋሚዎች አንብበውታል፤ በእውነት አንብበውታል፣ የፊደል ግድፈታችንን ሁሉ ሳይቀር። አንደኛው ወዶታል። ሁለተኛው የእኩል አራሹ ነገር ጠቃሚ ነው ብሎ፣ ነገር ግን «የአንዲት ተሳታፊ ቃል ከሚገባው በላይ በዝቷል፤ ወደ አንድ አንቀጽ ቢቀነስ» ብሏል። ለማስተካከል የተሰጠን ሦስት ሳምንት ነው። አንዳችን «እንቀንስ፣ ይውጣና ኋላ እንከራከራለን» ትላለች። አንዳችን «አንዲት መስመር አትነካም» ትላለች። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች መቼም ገምታችኋል። ሳትሳሳቱ አትቀሩም፤ «እንቀንስ» ያለችው የወለዷት ልጅ ናት።

ባለፈው እሑድ እምዬ ደወሉ። «ወጣ ወይ ጽሑፉ?»

«ገና ነው እምዬ። ትንሽ ቀንሱ ብለው መለሱት።»

«ምኑን?»

ዝም አልን። ከወዲያ በኩል የበጎቹ ጩኸት ይሰማል።

«የእኔን ነው አይደል?» አሉ።